የአያት ጋቢና የሐኪም ትዕዛዝ

ባለፈው ዓመት በገና ሰሞን አንድ ጋቢ ከጎንደር ተነስቶ አዲስ አበባ ገባ። ወደ አሜሪካ የሚጓዝ ሰው ሲፈለግለት ሁለት ሳምንት ያህል ከርሞ፣ በአንድ ደግ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬና ከሽሮ ጎን ተጣጥፎ ሜሪላንድ ደረሰ። ጥጡን የፈተለችው ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላት እናቴ ናት። የተፈተለውም ገና ሦስት ወር ላልሞላት የልጄ ልጅ ነው። እናቴ እንዝርቷን ያነሳችው በሰኔ፣ ሕፃኗ ገና በሆድ ሳለች ነበር፤ ወንድ ትሁን ሴት ሳይታወቅ፣ ስም ሳይወጣላት።

ጋቢው በደረሰ በሦስተኛው ቀን ልጄ ደወለች። ድምጿ ደስ አላለኝም። «አባዬ፣ ጋቢው በጣም ያምራል፤ ግን ለእምዬ እንዴት ብዬ ልንገራት?» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ በስልክ «ሌሊት እንዳይበርዳት አጠፍ አድርገሽ ደርቢላት፤ ፊቷንም ሸፈን አድርጊላት» ብላ አዛለች። የሕፃናት ሐኪሙ ደግሞ አንድ ዓመት እስኪሞላት ድረስ በምትተኛበት አልጋ ውስጥ ብርድ ልብስም፣ ትራስም፣ አሻንጉሊትም ዝር እንዳይል አጥብቆ አስጠንቅቋል። ከሁለቱ አንዱ መታዘዝ አለበት። ልጄ አያቷ ያንን ጋቢ በምን ድካም እንዳዘጋጀችው ታውቃለች፤ በልጅነቷ ክረምት ክረምት ጎንደር ስትሄድ እንዝርቱን እየደበቀች ታበሳጫት ነበርና።

ዕድሜውን በሕግ ሥራ ላይ የፈጀ ሰው ሁለት ተከራካሪ ሲቀርብለት የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ቀጠሮ ሰጠሁ። «አንድ ሳምንት ጠብቂኝ» አልኳት። በዚያ ሳምንት ያነበብኩትን፣ የጠየቅኩትንና ከዚህ ቀደም ልብ ሳልለው የኖርኩትን ነገር ለአንባቢ ላካፍል ብዬ ነው ብዕሬን ያነሳሁት። ዛሬ በስንቱ ቤት አንድ ጋቢ፣ አንድ ቡሉኮ ወይም አንድ ጥልፍ የሕፃን ቀሚስ ባሕር የሚያሻግረው ሰው እየጠበቀ እንደሆነ እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም።

እናቴ የዛሪማ ልጅ ናት። ዛሪማን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከጎንደር በደባርቅ በኩል ወደ ሽሬ የሚወስደውን መንገድ ይዘው ይሂዱ። ደባርቅን ሲያልፉ መንገዱ በቀጥታ ገደል ውስጥ የሚገባ ይመስልዎታል። ያ ሊማሊሞ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከተራራው ወገብ ላይ ጠርቦ ያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ከደጋው ብርድ አውጥቶ ቁልቁል ወደ ቆላ ይወስድዎታል፤ መጀመሪያ ጋቢዎን ያወልቃሉ፣ ቀጥሎ ሹራብዎን፣ ታች ሲደርሱ የሸሚዝዎን ቁልፍ መፍታት ይጀምራሉ። አዲ አርቃይ ሳይደርሱ የሚያገኟት ከተማ ዛሪማ ናት። ስሟን የተጋራችው ወንዝ ውኃውን ወደ ተከዜ ይልካል።

ዛሪማ ላይ ለጋቢ ብዙም ሥራ የለውም፤ ደባርቅ ግን ያለ ጋቢ አይታደርም። ጥጥ ደግሞ በባሕርይው የቆላ ተክል ነው፤ በእኛ አካባቢ ጥጥ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው መተማና ሁመራ ነው። እንግዲህ ጥጥ የሚያበቅለውን ሰው አይበርደውም፤ የሚበርደው ሰው ጥጥ አያበቅልም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ገበያ ነው። ከፍ ብሎ የሚኖረው ደገኛ የበጉን ፀጉር አስፈትሎ ባናውን ይለብሳል፤ ለስላሳውን ለክት ይፈልጋልና ከቆላ የወጣውን ጥጥ ይገዛል። እናቴ ከቆላ ወደ ደጋ በጋብቻ ስትወጣ ይዛው የመጣችው ነገር ቢኖር እንዝርቷ እንደሆነ እስከ ዛሬ ትናገራለች።

ለመሆኑ አንድ ጋቢ እንዴት ነው ጋቢ የሚሆነው? ከተማ ያደግን ሰዎች ጋቢን የምናውቀው ተጣጥፎ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። የመጀመሪያ ደመወዛችንን ስንቀበል ሽሮ ሜዳ ወይም መርካቶ ወጣ ብለን ለአባታችን ጋቢ፣ ለእናታችን ቀሚስ ገዝተን እንመረቃለን። ያ ጋቢ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ ልጅ ለወላጅ የሚከፍለው። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው፣ አያት ለልጅ ልጅ የምትሠራው ግን ከሱቅ አይነሳም። የሚነሳው ፍሬው ካልወጣለት ጥጥ ነው።

ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጣል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይደረግና ቀጭን ብረት እየተንከባለለበት ፍሬው ከጥጡ እንዲለይ ይደረጋል። ብረቱ ጥጡን ወደ ኋላ ያስቀራል፣ ፍሬውን ወደ ፊት ይገፋል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ እኔ በልጅነቴ ሞክሬ ፍሬውን ከጥጡ ጋር ፈጭቼው አንድ ኩርኩም ቀምሻለሁ። ቀጥሎ ይነደፋል። መንደፊያው ደጋን ነው፤ ጅማቱ በጥጡ ውስጥ እየተነዘረ የተጣበቀውን ይበትነዋል፣ ቆሻሻውን ያራግፋል፣ ጥጡም እንደ ደመና ይነፋል። የተነደፈው ጥጥ በጣት ውፍረት ይጠቀለልና አመልማሎ ይሆናል። አመልማሎ የተሞላ ሰፌድ አጠገቧ ያስቀመጠች ሴት የቀን ሥራዋን ጀመረች ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅሙ ነው። እንዝርት ማለት ጫፏ አካባቢ ክብ ነገር ያላት ቀጭን እንጨት ናት፤ ከዚህ የዘለለ ሞተርም፣ ፔዳልም የላትም። ፈታይዋ እንዝርቷን ጭኗ ላይ በመዳፏ አንዴ ታሾራታለች፤ እየተሽከረከረች ሳለች በሌላው እጇ አመልማሎውን ወደ ላይ ትስበዋለች። ክሩ ከጥጡ የሚወጣው በዚያች ቅጽበት ነው። ትንሽ ብትዘገይ ይወፍራል፣ ብትቸኩል ይበጠሳል። ክንዷ እስከቻለ ድረስ ከሳበች በኋላ ያንን ክንድ ያህል ክር እንዝርቷ ላይ ጠቅልላ እንደገና ትጀምራለች። አንድ ጋቢ ማለት እንግዲህ ይህ የክንድ እንቅስቃሴ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተደጋገመ ማለት ነው። ቆጥሬው አላውቅም፤ እናቴም የምትቆጥረው በሺህ አይደለም፣ በልቃቂት ነው። እንዝርቷ ስትሞላ ክሩ ተጠንጥኖ ልቃቂት ይሆናል፣ ልቃቂቱም ሙዳይ ውስጥ ይጠራቀማል።

በበዓል ቀን እንዝርት አይነካም። በወር አሥራ ሁለት፣ በሃያ አንድ፣ በሌሎችም የእናቴ የቀን መቁጠሪያ በሚያዛቸው ቀናት ሁሉ አመልማሎው ተሸፍኖ ይውላል። በቀረው ቀን ግን መፍተል ከሌላ ሥራ ጋር ይሄዳል። ልቅሶ ቤት ሲቀር፣ ጎረቤት ቡና ሲጠጣ ይፈተላል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴ ፊደል የቆጠረችው እንዝርቷን ይዛ ነበር። አስተማሪው፣ ገና ጢሙ ያላበቀለ ልጅ፣ «እናቴ፣ እሱን ያስቀምጡት» ሲላት፣ «ጆሮዬ ሥራ ፈቷል እንጂ እጄ መች ሥራ ፈታ?» ብላዋለች ይባላል። ሰርተፊኬቷን አግኝታለች። በዚያው ዓመት የፈተለችውን ሸጣም ለእኔ የትምህርት ቤት ጫማ ገዝታልኛለች። የባሏን ኪስ ሳትጠይቅ የምታዝበት ገንዘብ የፈትል ገንዘብ ብቻ ነበረ።

የተጠራቀመው ልቃቂት ሸማኔ ዘንድ ይሄዳል። እዚህ ላይ ለአንባቢ እውነቱን መናገር ይገባኛል፤ እናቴ የፈተለችው ማጉን ነው፣ ድሩ የፋብሪካ ነው። ዛሬ በገበያ የምናገኘው ጋቢ ሁሉ ማለት ይቻላል ድሩ የፋብሪካ ክር ነው። ምክንያቱም ድር ማለት ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ የሚቆመው ክር በመሆኑ ጥንካሬና እኩል ውፍረት ይፈልጋል፤ በድሮ ጊዜ ለድር የሚሆን ቀጭንና ጠንካራ ክር የምትፈትል ሴት በሙያዋ የታወቀች ነበረች። ፋብሪካ ሲመጣ ሸማኔው ከዚያ ችግር ተገላገለ። የሚገርመው፣ በክልላችን ያለው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሲቋቋም ወጪው የተሸፈነው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ሊማሊሞን የጠረበውም ጣሊያን፣ ለድሩ የከፈለውም ጣሊያን! ማጉ ግን የእናቴ ነው፤ ገላ የሚነካው፣ ሙቀት የሚይዘው ልሙ ክር እሱ ነውና። በእጅ የተፈተለ ክር ልል ስለሆነ በውስጡ አየር ይይዛል። ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ነው፤ በየድርቡ መካከልም አየር አለ። ሳይከብድ የሚሞቀው፣ ሲታጠብም እየለሰለሰ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ሸማኔው እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እያሳለፉ ይሠራሉ። ተሠርቶ ሲወጣ ረጅም ጨርቅ ነው እንጂ ገና ጋቢ አይደለም። ተቆርጦ፣ ተደርቦ፣ መሐል ለመሐል በእጅ ይሰፋል፤ ጫፉ ላይ የተረፈው ድር እየተገመደ ይቋጫል። ይህን መጨረሻውን ሥራ እናቴ ለሰው አትሰጥም።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እኛ የሕግ ሰዎች «ጉዳዩ ተቋጨ» ስንል የምንጠቀመው ቃል ከነጠላ ጫፍ የተወሰደ መሆኑን ስንቶቻችን እናስበዋለን? ክርክሩን «የነገር ድርና ማግ» እንላለን። ተንኮለኛውን ተሟጋች «ነገር ይፈትላል» ብለን እናማዋለን። ፍርድ ቤታችን ውስጥ ሸማኔ ባይቀመጥም ቋንቋው ተቀምጧል። ይህን ለእናቴ ስነግራት «እንግዲያው አንተም ፈታይ ነሃ፤ የአንተን ግን ማን ይለብሰዋል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቋንቋውን ተውሰን ባለሙያውን ግን ስንንቅ ኖረናል። በጎንደር መፍተል የወይዘሮም የድሀም ሥራ ነበር፤ በመፍተሏ የተሰደበች ሴት የለችም። ያንኑ ክር ተቀብሎ የሚሸምነው ሰው ግን «ሸማኔ» ሲባል ስድብ ነበር። በከተማው ታሪክ ውስጥ የሽመናው ሥራ በአብዛኛው የአዲስ ዓለም ሙስሊሞችና የቤተ እስራኤላውያን ሆኖ የኖረው፣ መሬት እንደልብ ያላገኘ ሰው በእጁ ሙያ ማደር ስለነበረበት ነው። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ለእኔ ይህ ከሀገራችን የሕግ ታሪክ ውስጥ እጅግ ቀደም ያለና እጅግ ያልተፈጸመ ድንጋጌ ነው። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል፤ በምትኩ ከውጭ አገር በማተሚያ የታተመ፣ ጥበብ የሚመስል ጨርቅ ገበያውን ሞልቶታል። ሸማኔው በሕግ ሊከላከለው ቢፈልግ ስለ ፈጠራና ስለ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987 የሚጠብቀው አዲስ ንድፍን ነው። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ጥለት ደግሞ በትርጉሙ አዲስ ሊሆን አይችልም። ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ስለሚፈልግ እዚህ ልተወው።

ወደ ሕፃኗ ልመለስ። እናቴ ለልጅ ልጆቿ ስትሰፋ ጋቢ ብቻ አልነበረም የምትሰፋው። በእኛ ዘንድ አዲስ የተወለደ ሕፃን የሚጠቀለለው በአዲስ ጨርቅ አይደለም፤ በአሮጌ ነጠላ ነው። ብዙ ጊዜ የታጠበ፣ የለሰለሰ፣ የእናት ወይም የአያት ጠረን ያለበት ነጠላ ተቀዶ ለሕፃኑ መጠቅለያ ይሆናል። የተረፈው ቁራጭ ለጨርቅ ኳስና ለአሻንጉሊት ይውላል። ልጄ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ ያቀፈቻት አሻንጉሊት ከእናቴ የአዘቦት ቀሚስ የተሰፋች ነበረች። አክርማና ስንደዶ ሲገኝ ደግሞ ትንሽ ሙዳይ ትሰፋለች። ልብሱም ስፌት፣ ሙዳዩም ስፌት፤ አማርኛችን ሁለቱን አለመለየቱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በቤንጋል ሴቶች ያረጀ ሳሪ ደራርበው በቀጭን ስፌት እያያያዙ ካንታ የሚባል ልብስ ይሠራሉ፤ ለአራስ ልጅ መጠቅለያም ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ በአላባማ ግዛት፣ ጊስ ቤንድ በምትባል የገጠር መንደር የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስና ከከረጢት ቁራጭ እየገጣጠሙ ለቤተሰባቸው የሰፉት ድርብ ብርድ ልብስ እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ለዕይታ ቀረበ። በ2006 ደግሞ የአገሪቱ ፖስታ ቤት በቴምብር ላይ አተመው። ሴቶቹ ሲሰፉት ግን የክረምት ብርድ እንጂ ሙዚየም አላሰቡም። ወደ እኛው ስንመለስ፣ ወደ እስራኤል ለመሄድ በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ሲጠባበቁ የነበሩ የቤተ እስራኤል ወገን ሴቶች ጥልፍ እየጠለፉ ልጆቻቸውን አሳድረዋል። የወለቃ ሸክላ በቱሪስት ዘንድ ስም ሲያገኝ የእነሱ ጥልፍ ያን ያህል አልተወራለትም።

አሁን ዋናው ጥያቄ፤ ሐኪሙ ለምን ከለከለ?

ሕፃን ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፊቱ ላይ የወደቀን ጨርቅ በእጁ አንስቶ መጣል፣ ወይም ራሱን አዙሮ ማምለጥ አይችልም። ጨርቁ አፍንጫውን ሲሸፍነው ያስወጣውን አየር መልሶ ይስባል። ከመጠን በላይ መሞቅም በራሱ አደጋ ነው። በዚህ ላይ ሌሊት ተኝተው ሳሉ ግልጽ ምክንያት ሳይገኝለት በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት አሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ መከረ፤ በ1994 በመላ አገሪቱ በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ተጀመረ። በቀጣዮቹ ዓመታት በዚህ መንገድ የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ። በ2022 የታደሰው ምክር ደግሞ ዝርዝር ነው፤ ሕፃኑ በጀርባው፣ ጠንከር ባለና ሜዳ በሆነ ፍራሽ ላይ፣ በወላጆቹ ክፍል ውስጥ ግን በራሱ አልጋ ይተኛ፤ አልጋው ውስጥ ከአንሶላው በቀር ምንም አይኑር። ከበረደው ልብስ ይደረብለት ወይም እንደ ከረጢት የተሰፋ የሚለበስ መኝታ ይልበስ።

ይህን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ የጠበቃ ክርክር ለማዘጋጀት ሞከርኩ። እናቴ ስድስት ልጆች በጋቢ አሳድጋለች፤ ሁላችንም አለን። ነገር ግን ይህ ማስረጃ እንዳልሆነ ራሴው አውቃለሁ፤ ያልተረፈው ልጅ ለምስክርነት አይቀርብም። በየሰፈሩ «ተኝቶ ቀረ»፣ «ምች መታው»፣ «የሰው ዓይን ነው» እየተባለ ስንት ሕፃን እንደተቀበረ ማን ቆጠረው? እኔ በአልጋው ጉዳይ ለሐኪሙ ፈርጃለሁ። እርስዎም የልጅ ልጅ ካለዎት፣ እዚህም ሆነ ባሕር ማዶ፣ እንዲህ ቢፈርዱ ይሻላል።

ፍርዱን ለእናቴ የመንገሩ ዕዳ ግን በእኔ ላይ ወደቀ። ለዚሁ ብዬ ጎንደር ወረድኩ። ቡና ከተጠጣ በኋላ ጀመርኩ። ስለ አየሩ፣ ስለ ፍራሹ፣ ስለ ከረጢቱ ሁሉ አስረዳሁ። ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «ልጅቱ ለብቻዋ ነው የምትተኛው?»

«አዎ እምዬ፣ በራሷ አልጋ።»

«ውይ ጉዴ!»

ለእሷ ነውሩ ጋቢው መከልከሉ አልነበረም። ሕፃን ብቻውን መተኛቱ ነው። በእሷ ዓለም ጋቢ ማለት እናትና ልጅ አብረው የሚገቡበት ቤት ነው፤ ሕፃኑን የሚሸፍን ብቻ ጨርቅ አይደለም። ቀን በአንቀልባ ጀርባ ላይ፣ ሌሊት በጋቢ ውስጥ እቅፍ ላይ። አልጋው ውስጥ ለብቻው የተኛ ሕፃን ላይ ጋቢ መጣል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ስነግራት አልተከራከረችኝም፤ «ብቻዋን ከሆነችማ እውነቱን ነው ሐኪሙ» አለች። ከእናቱ ጎን መተኛቱም የራሱ አደጋ እንዳለው ጨምሬ ነገርኳት። እሱን አልተቀበለችም።

ትንሽ ቆይታ ግን ሌላ ነገር አነሳች። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ አዲ አርቃይና ወደ ዛሪማ ሲደርስ የእናቴ ታናሽ እህት ሁለት የልጅ ልጆቿን ይዛ ሊማሊሞን በእግሯ ወጥታ ደባርቅ ገብታለች። ነሐሴ ነው፤ ዝናብ ነው። ከቤት ይዛ የወጣችው አንድ ጋቢ ነበር። ትልቁን ልጅ በእጅ እየጎተተች፣ ታናሹን በጋቢው አዝላ። ደባርቅ ላይ ከብዙ ተፈናቃይ ጋር በትምህርት ቤት ሲሚንቶ ላይ ሲያድሩ፣ የቆላ ልጆች ናቸውና ያንን ብርድ አያውቁትም፤ ጋቢውን ግማሹን አንጥፋ ግማሹን አልብሳ አሳደረቻቸው። እሷ ቁጭ ብላ ነበር የምታድረው። «ይኸንን ለሐኪሙ ንገረው» አለችኝ እናቴ። «ጋቢ የሠራሁት ለቅንጦት አይደለም በለው።»

ለሐኪሙ የምነግርበት መንገድ የለኝም፤ ለአንባቢ ግን ነገርኩ።

በሕጉ በኩል ያለውን ነገር ባጭሩ ልበል። የቤተሰብ ሕጋችን ወደ ላይና ወደ ታች በሚቆጠሩ ዘመዶች መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለ ይላል። ቀለብ ማለት ደግሞ መመገብ ብቻ ሳይሆን ማልበስንም ይጨምራል። ስለዚህ አያት ለተቸገረ የልጅ ልጅ ልብስ ማልበስ ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የእናቴ ጋቢ ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስጦታ የሚለው ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሆን ስጦታው ጽሑፍና ምስክር ይጠይቃል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ግን እጅ በእጅ ሲሰጥ በቂ ነው። ልጄ «ተቀባዩ ጥቅም ላይ ካላዋለውስ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ተቀባይዋ ሞግዚቷ በሆነችው እናቷ አማካይነት ተቀብላለች፣ ስጦታው ጸንቷል፣ አልጋ ላይ መዋል የስጦታ ውል መስፈርት አይደለም አልኳት። ሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው። ጋቢው አልጋ ውስጥ አይገባም። ልጄ ስታጠባ እሷው ትለብሰዋለች፤ ሕፃኗ ነቅታ፣ ሰው እያያት ሳለ ወለል ላይ ተነጥፎላት ትንከባለልበታለች። አንድ ዓመት ሲሞላት ስለ መኝታው ሐኪሙ እንደገና ይጠየቃል። ቁጭቱ ግን መለወጥ ነበረበት፤ ረጅም ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላልና ልጄ ጫፉን አጥፋ ሰፋችው። ይህን እናቴ እንድታውቅ አልተደረገም። አንባቢ አደራ። ለአራስ ስጦታ የምታዘጋጁ ሁሉም ዛጎልና ዶቃውን ተዉት፤ ልጁ ካደገ በኋላ ይደርሳል፣ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚወስደው። የእጅ ሽመና በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ ቀሚስ ከሆነ ከመሰፋቱ በፊት ጨርቁን አንዴ አጥቦ ማድረቅ ይበጃል።

ከጎንደር ልመለስ ስል እናቴ የሕፃኗን የልደት ቀን ጠየቀችኝ። በፈረንጅ አቆጣጠር የያዝኩትን ወደ እኛ ለመመለስ ጣቴን ስቆጥር ቀደመችኝ። «ኅዳር ሚካኤል ማግስት አይደለም እንዴ? ለዚያ ይደርሳል» አለች። የምትፈትለው ለቀሚስ ነው፤ ለእግሯ መውጫ። ዓይኗ ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ ክሩን የምታውቀው በጣቷ ነው። ጥጡ ጥሩ ካልሆነ ደግሞ ጣቷ ይሳሳታል፤ መንገዱ አንዳንዴ ስለሚዘጋ የለመደችው ጥጥ ጎንደር ገበያ እንደ ድሮው አይደርስም። «አዲስ አበባ ፈልግልኝ» አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ መርካቶ ወጣሁ። ሦስተኛው ሱቅ ላይ አገኘሁ። ነጋዴው፣ ከልጄ ብዙም የማይበልጥ ወጣት፣ «ለፍራሽ ነው?» አለኝ።

«ለመፍተል።»

«ዛሬም የሚፈትል አለ እንዴ ጋሼ?»

ሁለት ኪሎ አስመዘንኩ።